ከቀለሙ ስር ያለውን ማን አየልን?

ጊዜው ኅዳር 2011 ዓ.ም. ነው። አራት ጓደኛሞች ገንዘብ አዋጥተን በጋራ በገዛናት አሮጌ ዲኤክስ ኮሮላ ከአዲስ አበባ ተነስተን ወደ መንዝ ወጣን። ደብረ ብርሃን ላይ ቁርስ በላን፤ ጣርማ በር ላይ የደሴውን መንገድ ትተን ወደ መሐል ሜዳው ታጠፍን፤ ጀምበር ስታዘቀዝቅ ጓሳ ደረስን። ጓሳን ያላየ አንባቢ ካለ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ላይ የተዘረጋ የሣር አገር ነው። ጭላዳው በመንጋ ሣር ይነጫል፣ ቀይ ቀበሮው አይጥ ያድናል፣ ብርዱ ደግሞ ሰው ያድናል!

እውነቱን ልናገር። እኛ የሄድነው ጭላዳ ለማየት ብቻ አልነበረም፤ ለመታየትም ጭምር ነው። መኪናችን አዲስ ልብስ ለብሳ ነበራ! መሬት ሊነካ ትንሽ የቀረው የፊት ፓራውልት፣ በግራና በቀኝ ስካርት፣ ከኋላ ጎማዎቹ በላይ ወደ ውጭ የተነፋ ፓራፋንጎ። ልጆቹ “ቦዲ ኪት” የሚሉት ነው። ፋብሪካ የሠራው ቦዲና ጋራዥ የጨመረው ቁራጭ የት ላይ እንደተጋጠሙ ፈልጎ የሚያገኝ አልነበረም። ስፌት የሌለው ልብስ በሉት። ቀዩ ቀለሟ ፊት ያሳያል። በየመንገዱ ልጆች እየሮጡ ሲከተሉን እኛም አንገታችንን ቀና፣ ደረታችንን ነፋ አድርገን ነበር።

ሌሊቱን ውርጭ ጣለ። ጠዋት ከድንኳን ስንወጣ ሣሩ ነጭ፣ መኪናዋም ነጭ። ፀሐይ ወጥታ ውርጩን ስታቀልጠው የኋላ ፓራፋንጎው ላይ ፀጉር የምታክል መስመር አየን። “ጭረት ነው” አልን። እንደ ሬሳ የቀዘቀዘው ቆርቆሮ እያደር ሲሞቅ መስመሯ ረዘመች፤ ስካርቱ ላይ እህቷ ወጣች፤ ፓራውልቱ ላይ ሦስተኛዋ። ሞተር አስነስተን ጥቂት እንደተንገጫገጭን “ኳ!” የሚል ድምፅ ሰማን። ወርደን ስናይ የመዳፍ ስፋት ያለው ስቱኮ ከነቀለሙ ተፈንቅሎ መሬት ላይ ተጋድሟል። ከስሩ ያለው ቆርቆሮ ዝገት በልቶት ወንፊት ሆኗል። ቀዳዳው እንዳይታይ ደግሞ የተጠቀጠቀበት ነገር ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ጋዜጣ! ለዚያውም የግል ጋዜጣ! የኔ ብጤ ሰው ላቡን ጠብ አድርጎ የጻፈው ጽሑፍ ከንባብ ያለፈ ጥቅም እንዳለው ያወቅሁት ያን ዕለት ነው።

ባና የተከናነቡ አንድ አባት በጎቻቸውን እየነዱ መጥተው ቆሙ። መኪናዋን ዞር ዞር ብለው አዩና፣ “ልጆቼ፣ ይቺ መኪና ለምጽ ወጣባት እንዴ?” አሉን። ሳቅን። የሆነውን ነገርናቸው። እሳቸው ግን አልሳቁም። “እኛ ዘንድ የቤት ክዳን ሲያረጅ አዲስ ጓሳ እናስራለን። የበሰበሰው ላይ ግን አይታሰርም። መጀመሪያ የበሰበሰው ይወርዳል፣ ማገሩ ይታያል፣ ከዚያ ነው ክዳኑ። ከላይ ከላይ ያሰረ ሰው ክረምት ሲገባ ከነልጆቹ ይበሰብሳል” አሉና በጎቻቸውን ተከትለው ሄዱ።

ወገኖቼ፣ እኔ ኮሌጅ ገብቼ ዲፕሎማ ይዣለሁ። ያን ጠዋት የሰማሁትን የሚያህል ትምህርት ግን በሦስት ዓመት አላገኘሁም። ዛሬ ይህን የምጽፈውም ስለ አንዲት ቀይ ኮሮላ ለማልቀስ አይደለም። የበሰበሰው ላይ እየታሰረ ያለው ክዳን የኛ የአራት ወጠጤዎች ብቻ ስላልሆነ ነው። እናቶቻችንና ልጆቻችን በየቀኑ በሚሳፈሩበት መኪና ላይም ያው ስቱኮ አለ።

ስፌቱ እንዴት ይጠፋል?

የሠራልንን ጋራዥ ስም አልጠራም፤ ዛሬ ቦታውም የለም። ከጓሳ መልስ ግን ሌላ ባለሙያ ዘንድ ሄድኩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ላሜራ ሲቀጠቅጡ የኖሩ፣ ስማቸው እንዳይጻፍ የለመኑኝ ባትላሜራ ናቸው። መኪናዋን በጣታቸው ኳ ኳ አደረጓትና ሌላ ሰው የሠራውን ሳይሳደቡ አለፉ። የጨዋ ሙያተኛ ምልክቱ ይኸው ነው። “እንግዲህ ልጄ፣ ቀለም መጨረሻ ነው። አንተ መጀመሪያውን ነው ማየት ያለብህ” አሉኝ። ከዚያ በኋላ ለሁለት ሳምንት ያህል እየተመላለስኩ አየሁ፤ ጠየቅሁ፤ ጻፍኩ።

የጋራዥ ቋንቋችን ግማሹ ጣሊያንኛ ነው። ላሜራ፣ ስቱኮ፣ ፓራፋንጎ፣ ቦሎ ሁሉም ከዚያው የመጡ ናቸው። ባትላሜራ ማለትም ላሜራ ቀጥቃጭ ነው። ልብ በሉ፣ ስሙ “ስቱኮ ለጣፊ” አይልም። የሙያው ክብር ያለው መዶሻው ላይ ነው። ቆርቆሮው በመዶሻና በብየዳ ቅርጹን ከያዘ ለስቱኮ የሚተርፈው የብርጭቆ ወረቀት ጭረት የምታክል ጉድለት ብቻ ነው። ባለሙያው እንደሚሉት ስቱኮ ከሦስት ሚሊ ሜትር ከወፈረ ሥራው አልተሠራም፤ ተሸፍኗል እንጂ። የኛዋ መኪና ላይ የወደቀውን ለካሁት። አውራ ጣቴን ያህላል!

ሥራው ሲጀመር ቁራጩ ያለ ማጣበቂያ፣ ያለ ስቱኮ፣ በብሎን ብቻ ይታሰራል። በሩ ይከፈታል፣ ይዘጋል። መሪው እስከ ጥግ ይዞራል። ሰው ይጫንበታል። ጎማው ከነካ አሁኑኑ ይታወቃል። በግራና በቀኝ ያለው ክፍተት በሜትር ይለካል። “ይሄን ያልሠራ ሰው ስህተቱን በስቱኮ ይሞላዋል” አሉኝ። ልክ ናቸው። የኛን ሰውዬ አስታወስኩት። ሜትር ሲያነሳ አንድም ቀን አላየሁም።

ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ቁራጩ ከምን ተሠራ የሚለው ነው። እዚህ ላይ ነው ብዙው ወጣት የሚሸወደው። ነገሮች ሲሞቁ ይለጠጣሉ፣ ሲቀዘቅዙ ይሰበሰባሉ፤ ሁሉም ግን እኩል አይደለም። አንድ ሜትር ብረት በአርባ ዲግሪ ልዩነት ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ይለጠጣል። ፓራውልት የሚሠራበት ፖሊፕሮፒሊን የሚባለው ፕላስቲክ ግን በዚያው ልዩነት እስከ አራት ሚሊ ሜትር ሊሄድ ይችላል። ታዲያ አንዱ ግማሽ፣ ሌላው አራት የሚራመዱ ሁለት ነገሮችን በስቱኮ አጋብቶ ስፌታቸውን ማጥፋት ምን ይባላል? ጓሳ ላይ ሌሊት ከዜሮ በታች ወርዶ፣ ቀን በፀሐይ የተጋለ ቆርቆሮ እጅ ሲያቃጥል፣ ጋብቻው በአንድ ቀን ፈረሰ። አዲስ አበባ ላይ ቢሆን ምናልባት ዓመት ይቆይ ነበር። ውርጩ መኪናችንን አላበላሸብንም፤ የተደበቀውን ቶሎ ነገረን እንጂ።

ስለዚህ ፕላስቲክ ከብረት ጋር አንድ ወጥ አይሆንም። በብሎን ይታሰራል፣ ቀጭን ክፍተት ይተውለታል፣ አለቀ። ፋብሪካውም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ፋይበር ግላስ ለብረት ቀረብ ይላል። እሱን ከብረት ጋር ለማዋሃድ ቀለሙና ዝገቱ ተፍቆ ብሩህ ብረት እስኪወጣ ድረስ ይሞረዳል። የሁለቱም ጠርዝ በሰያፍ ይጠረባል። ከዚያ የፋይበሩ ጨርቅ በሬዚን እየራሰ፣ አንዱ ሽፋን ከሌላው እየሰፋ፣ በመጋጠሚያው ላይ ይነጠፋል። ማድረቂያው ከመቶ አንድ ወይም ሁለት እጅ ነው። “ቶሎ ይድረቅልኝ” ብሎ የጨመረበት ሰው እንደ ብስኩት የሚሰበር ነገር ይሠራል። ከሁሉም የሚበልጠው ግን ብረትን ከብረት መበየድ ነው። እሱም ቢሆን በአንድ ትንፋሽ ከጫፍ ጫፍ አይበየድም። እዚህ አንድ ነጥብ፣ ራቅ ብሎ ሌላ ነጥብ፣ እስኪበርድ መጠበቅ፣ እንደገና መሃሉን መሙላት። ቸኩሎ የበየደ ሰው ላሜራው እንደ ቅጠል ይጠቀለልበታል፤ ያን የተጠቀለለ ቆርቆሮ ለማቃናትም… ምን ይጠቀማል? አዎን፣ ስቱኮ!

ስቱኮው ተራው ሲደርስ ማድረቂያው ከመቶ ሁለት እጅ ገደማ ገብቶ፣ አረፋ እንዳይዝ በቀስታ ይታሻል። የሚፈገፈገው በእጅ መዳፍ ሳይሆን ብርጭቆ ወረቀቱ ረዥም ጣውላ ላይ ተጠምጥሞ ነው፤ መዳፍ የጎደጎደውን ተከትሎ ይጎደጉዳል። በ80 ቁጥር ይጀመራል፣ ወደ 180፣ ወደ 320 ይኬዳል። መሃል ላይ ጥቁር ቀለም እንደ አቧራ ይነፋበትና እንደገና ይፈገፈጋል፤ ጥቁሩ የቀረበት ቦታ ጎድጓዳ ነው ማለት ነው። ሽማግሌው በመጨረሻ ያደረጉትን ግን አልረሳውም። ዓይናቸውን ጨፍነው መዳፋቸውን በመጋጠሚያው ላይ እንደ ሕፃን ገላ አንሸራሸሩት። “ዓይን ይታለላል፤ እጅ ግን ያውቃል” አሉኝ። ከዚያም ብዙ ሰው የሚዘለውን አደረጉ። ከጀርባ በኩል፣ ማንም በማያየው ቦታ፣ የዝገት መከላከያ ቀቡ፤ ውሃ መውጫዋን ቀዳዳም ከፈቱ። ማንም የማያየውን ቦታ!

እርሳስ አይዋሽም ነበር

ነገሩ የኛ አገር በሽታ ብቻ አይደለም። አሜሪካኖች በ1950ዎቹ (በእነሱ አቆጣጠር) ትልልቅ መኪኖችን እየቆረጡ፣ ጣሪያ እያወረዱ፣ መጋጠሚያውን በቀለጠ እርሳስ ይሞሉ ነበር። ባለሙያዎቹ እርሳስ የበዛባቸውን መኪኖች “የእርሳስ ሸርተቴ” እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር። እርሳስ መርዝ ነው፤ ናፍቆት የለኝም። አንድ ጠባይ ግን ነበረው። ዝገት ላይ፣ ቆሻሻ ላይ፣ ቀለም ላይ አይጣበቅም። ብረቱ ንጹሕ ካልሆነ ከናካቴው እምቢ ይላል። ሠራተኛው ሳይወድ በግድ ሐቀኛ ይሆናል። በኋላ የፕላስቲኩ ስቱኮ ሲመጣ ሥራው ቀለለ፣ ረከሰ፣ ለሁሉም ደረሰ። ይህ ደግ ነው። ነገር ግን ስቱኮ ዝገት ላይም ለጊዜው ይጣበቃል። ውሸት ርካሽ የሆነው ያኔ ነው።

ጃፓኖች ደግሞ ሌላ መንገድ አሳይተዋል። የተነፋ ፓራፋንጎ ሲጨምሩ አንዳንዶቹ ስፌቱን ጭራሽ አይደብቁትም። ብሎኑ ከውጭ ይታያል። “ጨምሬያለሁ፣ እዚህ ጋ ነው የጨመርኩት” እንደማለት ነው። ሲሰበር ይፈታል፣ ይቀየራል፤ ከስሩ ያለውም በማንኛውም ሰዓት ይታያል። እኔ በመጀመሪያ ሳየው “ያላለቀ ሥራ” መስሎኝ ነበር። ዛሬ ሐሳቤን ቀይሬያለሁ።

ቅጥቅጥ የምንሳፈር ሰዎች

አሁን ከወጣት ጨዋታ ወደ ዳቦው ጉዳይ እንምጣ። ከደብረ ብርሃን ወዲህና ወዲያ፣ ወደ መሐል ሜዳም ሆነ ወደ ሌላው አገር፣ ሰው የሚጫንበትን “ቅጥቅጥ” አስቡት። ስሙ ራሱ ይናገራል። የአይሱዙ የጭነት መኪና ሻንሲ ላይ የኛው አገር ባለሙያዎች ብረት አቁመው፣ ላሜራ አልብሰው፣ ወንበር ደርድረው አውቶቡስ ያደረጉት ነው። የፋብሪካው ፊትና የኛ ሰው የሠራው ሆድ ተጋጥሞ አንድ መኪና ይሆናል። ይኸውላችሁ፣ ትልቁ ቦዲ ኪት! ሚኒባሱንም ውሰዱት። ዕቃ መጫኛ ሆኖ የገባ ቫን ጎኑ ተቆርጦ መስኮት ይገባለታል፤ ወንበር ይታሰርለታል፤ ስቱኮና ቀለም ይከተላል፤ ከዚያ “ዶልፊን” ወይም “አባዱላ” ተብሎ ሕዝብ ይጭናል።

ይህን የምለው ለማንቋሸሽ አይደለም። እንዲያውም ባርኔጣ ነው የማነሳው። ያለ ፋብሪካ በመዶሻ አውቶቡስ የሠራ ሰው የምህንድስና ዲግሪ ባይሰጠው እንኳ ጭብጨባ ይገባዋል። ጥያቄዬ ሌላ ነው። መኪና ሲገለበጥ ጣሪያውን ከተሳፋሪው ራስ በላይ የሚያቆመው ምሰሶው ነው። የቫኑ ጎን ሲቆረጥ አብረው የተቆረጡት አጥንቶች በሌላ ብረት ተተክተዋል? የወንበሩ ብሎን የገባው ሻንሲ ላይ ነው ወይስ ቀጭን ወለል ላይ? መጋጠሚያው ተበይዷል ወይስ ተለጥፏል? ስቱኮ ክብደት አይሸከምም። ስቱኮ ሕይወት አያድንም። ቀለሙ ከተቀባ በኋላ ግን ደህናውና የበሰበሰው መንታ ናቸው፤ አይለዩም። ደህና የሠራው ባለሙያም በዚህ ይጎዳል፤ ጋዜጣ ከጠቀጠቀው ጋር እኩል ዋጋ ይጠየቃላ!

መንግሥት ሆዬ ታዲያ ምን አደረገ? በ2012 ዓ.ም. በወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ያገለገሉ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ፤ ኤሌክትሪክ ግዙ ተባልን። አየሩ ይጽዳ፣ የውጭ ምንዛሪ ይቆጠብ፤ በዓላማው ላይ ክርክር የለኝም። ግን አንድ ሰው እስቲ ይንገረኝ። አሮጌው እንዳይተካ በሩ ሲጠብ፣ አሮጌው ምን ይሆናል? ይታደሳል! በላዩ ላይ ይቀባል፣ ይለጠፋል፣ “አዲስ ቀለም፣ ንጹሕ መኪና” ተብሎ ይሸጣል። ደላላው “ኦሪጅናል ቀለም ነው፣ እመብርሃንን!” ሲል ይምላል። በሕይወት ዘመኑ ያጠራቀመውን ብር ይዞ የሚመጣው የመንግሥት ሠራተኛ ከቀለሙ ስር ያለውን በምን ያየዋል? አዋጁን ያወጣ አካል አሮጌ መኪና ከእጃችን እንደማይወጣ ካወቀ፣ አሮጌ መኪና በደንብ የሚጠገንበትን ሥርዓትም አብሮ ማሰብ ነበረበት። በር ዘግቶ መስኮት አለመክፈት መታፈን ነው።

“ቦሎ አለ አይደል?” የሚለኝ አይጠፋም። አለ። በየዓመቱ መኪናዬን ይዤ ቀርቤያለሁ። ፍሬኑ ይታያል፣ መብራቱ ይታያል። ደግ ነው። ነገር ግን እስከ ዛሬ ባለፍኩባቸው ምርመራዎች ሁሉ አንድ ማግኔት ይዞ ቦዲውን የነካ መርማሪ አላጋጠመኝም። ያቺ ጋዜጣ የጠቀጠቀች መኪናችን እንኳ ጓሳ ከመሄዷ ከወራት በፊት ቦሎዋን ለጥፋ ነበር። ሊብሬው ላይም ቀለሟ ተጽፏል። ከቀለሟ በታች ስላለው ግን አንድም መስመር የለም።

የሠራተኛው ሳንባስ?

ሌላም ተጎጂ አለ፤ ማንም አያስታውሰውም። በየጋራዡ ስቱኮ የሚፈገፍገው አሥራ ስምንት ዓመት ያልሞላው ልጅ ነው። ነጭ አቧራ ለብሶ ሲወጣ ከዱቄት ወፍጮ የመጣ ይመስላል። አፍና አፍንጫው ላይ አንድ ቁራጭ ጨርቅ ቢኖር ነው። ሁለት ፈሳሽ ተቀላቅሎ የሚነፋው ዘመናዊ ቀለም ማድረቂያው ውስጥ ያለው ኬሚካል አስም ያመጣል፤ ተራ ጨርቅ አያስቆመውም። ሌላ አገር ለዚህ ሥራ አየር የሚያስገባ ጭምብል ያለብሳሉ። ስቱኮው በወፈረ ቁጥር አቧራውም ይበዛል። ቆርቆሮው በመዶሻ ቢስተካከል ኖሮ ልጁ የሚውጠው አቧራ ሩቡን አይሆንም ነበር። የተደበቀ ዝገት ባለቤቱን ብቻ ሳይሆን የደበቀውንም ይበላል ማለት ይኸው ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ?

አስቀድሜ የማልፈልገውን ልናገር። “ከልክሉ!” አልልም። ክልከላማ ሞልቶናል! ነገ አንድ ባለሥልጣን ይህን ጽሑፍ አንብቦ “ቦዲ የነካ ጋራዥ ይታሸግ” ቢል የመጀመሪያው ተጎጂ በመዶሻው የሚያድረው ሐቀኛ ሰው ነው። ጋዜጣ ጠቅጣቂውማ ሌሊት ይሠራል፤ ወይም እጅ አርጥቦ ቀን ይሠራል። መኪናውን ያሳመረ ወጣትንም “ሥራ ፈት” ብዬ አልሰድበውም። ያለችውን ማሳመር ወግ ነው።

የምፈልገው እንዲህ ነው። አንደኛ፣ ሕዝብ የሚጭን ማናቸውም መኪና ቦዲው ከተቆረጠ ወይም ከተቀጠለ፣ ቀለም ከመቀባቱ በፊት ባዶ ብረቱ እንዳለ ይመርመር። ምርመራ ማለት የለበሰን ሰው ማየት ሳይሆን ቁስሉን ማየት ነው። ሁለተኛ፣ ጋራዡ ባዶ ብረቱን ፎቶ አንስቶ ለባለቤቱ ይስጥ። ዛሬ ስልክ የሌለው ማን አለ? መኪናው ሲሸጥ ፎቶው አብሮ ይሂድ። ሦስተኛ፣ እንደ ተግባረ ዕድ ባሉ የሙያ ትምህርት ቤቶች የባትላሜራ ትምህርት ይጠናከር፤ በሥራ ላይ ያሉት ሽማግሌዎችም ተፈትነው ወረቀት ያግኙ፣ ወጣቱንም ያስተምሩ። እውቀታቸውን ይዘው መቃብር ሲወርዱ ዝም ብለን እያየን ነው። አራተኛ፣ የልጆቹ ጭምብል ነገር ለነገ አይባልም።

እስከዚያው ግን ገዢ ሆይ፣ ራስህን ጠብቅ! ትንሽ ማግኔት በቀጭን ጨርቅ ጠቅልለህ ኪስህ ክተት። ቆርቆሮ ላይ ይጣበቃል፤ ወፍራም ስቱኮ ላይ ይወድቃል። ፕላስቲክና አሉሚኒየም ላይም አይይዝምና እዚያ አትሳሳት። በጣትህ ኳ ኳ አድርግ፤ ላሜራ ይጮኻል፣ ስቱኮ ይደነቁራል። ግራና ቀኙን አወዳድር፣ የበሩን ላስቲክ ገልጠህ ቀለሙ የት ላይ እንደቆመ እይ፣ ከስር ተንበርክከህ ተመልከት። ደላላው “አታምነኝም እንዴ?” ቢልህ “አምንሃለሁ፣ ማግኔቱ ግን አያምንህም” በለው።

ስቋጭ ወደ ጓሳ ልመልሳችሁ። ያ ሣር ለዘመናት የኖረው አጥር ስለነበረው አይደለም። የመንዝ ሰዎች፣ የአስቦና የጌራ ርስት ባለቤቶች፣ “ቄሮ” የሚሉት የጥንት ደንብ ነበራቸው። ሣሩ ለዓመታት ይዘጋል፤ ሲደርስ በአንድ ቀን፣ በአደባባይ፣ ለሁሉም ይከፈታል። ተደብቆ ያጨደ ይቀጣል። ደንቡ በ1967ቱ የመሬት አዋጅ ቢፈርስም ሕዝቡ በሌላ መልክ እንደገና አቆመው፤ ዛሬ ጓሳ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ነው። ምስጢሩ ቀላል ነው። ነገሩ የሚሠራው በአደባባይ፣ ሁሉም እያየ ስለሆነ ነው። የመኪና ቦዲስ ለምን እንደዚያ አይሆንም?

ዲኤክሷ ዛሬም አለች። ሽማግሌው ዝገቱን ቆርጠው ጣሉ፤ አዲስ ላሜራ በየዱ። የብረቱ ሥራ ላይ ስፌት ብትፈልጉ አታገኙም፤ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ በእጃችሁ ብትዳስሱም አታገኙም። የፊት ፓራውልቷን ግን በብሎን ብቻ እንዲያስሩልኝ ለመንኳቸው። ብሎኖቹ ከውጭ ይታያሉ። የሚያይ ሁሉ “ምነው፣ ሥራው አላለቀም እንዴ?” ይለኛል።

“አልቋል” እለዋለሁ። “ግን አይዋሽም።”

ቸር ይግጠመን!